ሞዴል ሃያ ሁለት

ፒያሳን አልፎ ነው፤ ከፎቶ ኮፒው ላይ
ሦስተኛው ፎቅ ጥጉን፣ ታፔላዋ ሚታይ፦
«ዘሐራ ጌታነህ፣ ጠበቃ» ይላል።
ደረጃውን ወጣሁ ቀዝቃዛ ብረት ይዤ፣
የጦሳ ጉም ውጦኝ፣ ከነልቤ ፈዝዤ፣
በፌስታል ጠቅልዬ ሃያ ስድስት ዓመት፦
የቅጥር ደብዳቤ፣ የምስጋና፣ የስንብት።

ልጅ ናት። ታክላለች የኔን ልጅ በዕድሜ፤
«ይቀመጡ» ብትል ተናገርሁኝ ቆሜ፤
ኮሚቴ ፊት መቆም የለመደ እግር
መቀመጥ ይረሳል ጉዳይ ሲናገር።

«ሥራዎ?» ስትለኝ «ንብረት ጠባቂ» አልኩ፤
አልኩና ለራሴ ከንፈሬን ነከስኩ።
ስንት ዘመን ሙሉ ከአይጥና ከሌባ
ስጠብቅ የኖርኩኝ ቆጣሪና ቧንቧ፣
እኔን የሚጠብቅ አንድ ሰው አጣሁ፤
ይኸው ጠበቃ ልገዛ ደረጃ ወጣሁ።

ክሱ አጭር ነው፦ «ሰላሳ ቆጣሪ ጎድሏል፤
አሊጋዝ ተሰማ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።»
ማኅተሙ ክብ ነው፤ ፊርማው ተጣድፏል፤
ከስሜ መሃል ላይ አንድ ፊደል ገድፏል።

ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ቅሬታዬን ሰጠሁ፤
ሰሚው ስልጠና ነው፤ ሁለት ወር ተቀመጥሁ፤
ሲመለስ ተሹሟል። በቦታው የገባው
ደብዳቤዬ ላይ የፈረመው ሰው ነው።
«እሱው ከሳሽ፣ እሱው ሰሚ» አለኝ ዘበኛው፣
ፌስታሌን ፈትሾ ሲመልስልኝ።

አባቴ ይል ነበር፦ «በሕግ አምላክ» ሲሉት
ወራጅ ውሃ ይቆማል። ይሁን፣ ይሁን እውነት፤
የውሃ ቢሮ ሰው ነኝ፣ ሲቆም አውቃለሁ፤
በፈረቃ እንጂ በሕግ መች አይቻለሁ?
ይህን ብነግራት ሳቀች ጠበቃዋ፤
ሳቋ ደስ ይል ነበር፤ ከሳቋ ኋላ ዋጋዋ።

የአራት ወር ደሞዝ፣ ደሞዝ ለሌለው ሰው።
የመሥሪያ ቤቱን ግን ነገረ ፈጁን ሳስበው፣
እሱ በየወሩ ይበላል ተረጋግቶ፣
ከኔው ላይ ሲቆረጥ ከኖረው ግብር አውጥቶ።

«ውል እንፈራረም» ስትል ብዕሯን ተቀበልሁ፤
ውሉ ለጠፋ ነገር ውል ላይ ፈረምሁ።
«ይግባኝ እንላለን» አለች ዝቅ ብላ።
«በይልኝ» አልኳት፣ «በይልኝ፣ ምን ሌላ!
ያልገባኝ እሱ ነው፤ ይግባኝ ነው ጥያቄዬ፤
በየት በኩል ወጣ ሰላሳው ከእጄ?»

«እንግዲያው» አለችኝ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
«ሲወጣ የተቆረጠው ሞዴል ሃያ ሁለት የታል?»
«ግምጃ ቤት።»
«ቁልፉስ?»
«ተረክበውኛል።»
«ኮፒ የለዎትም?»

ዝም።
ስንቱን ስቆጣ የኖርኩ «ኮፒ ያዝ» እያልሁ፣
ለራሴ አንዲት ገጽ ሳልይዝ ተባረርሁ።
ከዚያ ግን ትዝ አለኝ ካርቦኑ፣ ሰማያዊው፣
ጣቴን የሚያቀልመው፣ ሦስት ቅጠል የሚያወጣው፤
አንዱ ከመዝገብ፣ አንዱ ከግምጃ ቤት፣
ሦስተኛው ከዕቃው ጋር ወርዷል ለተረካቢው፣
ለሙሄ አስረስ፣ ኮምቦልቻ።

ሁለት ሺህ ከፈልሁ፤ ደረሰኝ ቆረጠች፤
ቁጥሩን አየሁት፤ ልማድ ነው፤ ታዘበች።
ምድር ቤት ስወርድም፣ ከፎቶ ኮፒው ዘንድ
ደረሰኙን ሰጠሁ። «ስንት ላድርግ?» «ሦስት።»

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከኋላ ቀረ፤
የሚኒባሱ ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ፤
ደሴ ላይ የዘጋሁት የካፖርቴ ቁልፍ
አንድ በአንድ ተፈታ እስከ ቦርከና አፋፍ።

ሙሄ ጡረታ ነው፤ በረንዳ አገኘሁት፤
(እዚህ ግን ተቀመጥሁ) ከሥሩ ነገርኩት፦
ቆጣሪውን፣ ክሱን፣ የልጅቷን ጥያቄ።
ዝም አለ። ዶሮዎቹን እሽ አለ። ዝም አለ።
«አይዞህ» አላለኝም፤ አልጠየቀኝ ስለ ቤቱ፤
የሳጥን ቁልፍ ፈታ ከወገብ መቀነቱ፤
«ወሩን እደርስበታለሁ» አለ፣ «ንገረኝ፣
መቼ ነው ዓመተ ምሕረቱ?»